የደብራችን ስልክ ወደ ኢንተርኔት ሲዛወር

እዚህ ሜሪላንድ የምናገለግልበት ደብር ስልኩ ለረጅም ጊዜ በመዳብ ሽቦ የሚመጣ የድሮ መስመር ነበር። አንዱ ለቢሮው፣ አንዱ ለካህናት ማረፊያ፣ አንዱ ለፋክስ፣ አንዱ ለእሳት ማንቂያው። ቢሉ በየጊዜው ይጨምራል። ዝናብ የጣለ ቀን ደግሞ መስመሩ ስለሚንጫጫ መደማመጥ አይቻልም። በመጨረሻ ሰበካ ጉባኤው «ወደ ኢንተርኔት ስልክ እንዛወር» ብሎ ወሰነ። እንጀራዬ ኔትወርክ ስለሆነ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት።

ይህን የምጽፈው ነገ ከነገ ወዲያ ለደብሩ፣ ለዕድሩ ወይም ለሱቁ ይህንኑ ሥራ ለሚረከብ ሰው ነው። ስለ ዕቃው የሚያስረዱ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። እኔ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ማን እንደሚደውል፣ በስንት ሰዓት እንደሚደውል፣ ምን ፈልጎ እንደሚደውል እወቁ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ጸሐፊያችን የሚደወለውን ሁሉ በደብተር የመመዝገብ ልማድ አላት። ደብተሩን ተውሼ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው አንድ ዓይነት ነው። ቅዳሴ ስንት ሰዓት ይገባል? ጾሙ መቼ ነው የሚገባው? ክርስትና ለማስነሣት ምን ምን ያስፈልጋል? ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይመዘግባል ወይ? ከእነዚህ መሃል አልፎ አልፎ አጠር ያለ መስመር አለ፦ «ሰው ሞቶባቸው ደውለዋል»፣ «ሆስፒታል የተኛ አለ፣ ካህን ይፈልጋሉ»። እነዚህን አብዛኞቹን ጸሐፊዋ የመዘገበችው ጠዋት ገብታ የድምፅ መልእክቱን ስትሰማ ነው። የተደወለው ሌሊት ነበር። ስልኩ ባዶ ቢሮ ውስጥ ሲጮህ አድሯል፤ ቤተሰቡም የካህን ቁጥር ፍለጋ በሌሊት ሰው ሲቀሰቅስ አድሯል።

ያንን ካነበብኩ በኋላ ሥራው ምን እንደሆነ ግልጽ ሆነልኝ። የቢል ቅናሹ ጥሩ ነገር ነው። ዋናው ግን ሐዘን የደረሰበት ሰው በሌሊት ሲደውል ሰው እንዲያነሳለት ማድረግ ነው።

ስለዚህ የተቀዳው ድምፅ ለደዋዩ ከሚሰጠው ምርጫ የመጀመሪያው ቁጥር ለሐዘንና ለሕመም ሆነ። ደዋዩ 1ን ሲጫን የሁሉም ካህናት ሞባይል በአንድ ጊዜ ይጠራል። ቀድሞ ያነሳው ይወስደዋል፤ የሌሎቹ ዝም ይላል። 2 ወደ ጸሐፊዋ ይሄዳል። 3 የሳምንቱን የቅዳሴና የጉባኤ ፕሮግራም በድምፅ ያሰማል። ጸሐፊዋ ያንን በየሰኞ ከራሷ ስልክ ደውላ ትቀይረዋለች፤ ኮምፒውተር መክፈት አያስፈልጋትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ወጥመድ አለ። ሞባይሎች በአንድ ጊዜ ሲጠሩ ከካህናቱ የአንዱ ስልክ ተዘግቶ ከሆነ የእሱ ቮይስሜይል ወዲያው «ያነሳል»። ለሲስተሙ ሰው አነሳ ማለት ነው። የሌሎቹ ጥሪ ይቆማል፤ ሐዘንተኛው ለማሽን ያለቅሳል። መፍትሔው ጥሪ ማረጋገጥ ነው። ካህኑ ስልኩን ሲያነሳ «ከደብሩ የተላለፈ ጥሪ ነው፣ ለመቀበል 1ን ይጫኑ» የሚል ድምፅ ይሰማል። 1 እስኪጫን ድረስ የሌሎቹ ስልክ መጥራቱን አያቆምም። ቮይስሜይል 1 መጫን አይችልም። ይህቺ አንዲት ምልክት የምትደረግባት ሳጥን ናት፤ ካላወቃችኋት ግን ሙሉው ሐሳብ ይፈርሳል። ከዚህ ጋር ካህናቱ የደብሩን ቁጥር ስልካቸው ላይ እንዲመዘግቡና ስልኩ ድምፁ ጠፍቶ እንኳ ያ ቁጥር ሲደውል እንዲጮህ አስተካክለንላቸዋል። ማታ ስልካቸውን ዝም አሰኝተው የሚተኙ አባቶች አሉና።

ሌላው እናቶቻችን ናቸው። ቁጥር ተጫኑ የሚል ድምፅ የማይወዱ፣ አንዳንዶቹም የድሮ ስልክ ይዘው የሚደውሉ አሉ። በሙከራው ሰሞን አንዲት እናት ለተቀዳው ድምፅ «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ እናንተስ ደህና ናችሁ?» ብለው መልሰው ጠበቁ። እሳቸውን መቀየር የእኔ ሥራ አይደለም። ሲስተሙ ነው ለእሳቸው መመቸት ያለበት። ምንም ያልተጫነ ጥሪ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ ራሱ ወደ ጸሐፊዋ ይሄዳል፤ ቢሮ ዝግ ከሆነ ወደ ካህናቱ። ማንም ሰው ቁጥር ባለመጫኑ መስመሩ አይዘጋበትም። ሰላምታውንም አሳጠርነው። ረጅም የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ለኢሜይል ይሁን።

ድምፁን የቀዳው አንድ ዲያቆን ነው። ኮትና ካባ የሚሰቀልበት ክፍል ገብተን ቀዳነው፤ ልብሱ ማስተጋባቱን ይውጠዋል። ፋይሉ 8,000 ኸርዝ፣ ሞኖ፣ 16 ቢት ዌቭ መሆን አለበት። ቀስ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል፤ የስልክ ድምፅ ቀጭን ስለሆነ ፈጥኖ የተነገረ አይለይም።

ቅጂው ላይ በጣም ያሰብንበት የቢሮው ሰዓት ነበር። ቢሮው የሚከፈተው ጠዋት 3 ሰዓት፣ የሚዘጋው ከሰዓት 9 ሰዓት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ9 እስከ 3። ቁጥሮቹ አንድ ናቸው፤ ቦታ ብቻ ይለዋወጣሉ። እዚህ ያደገ ወጣት «ከ3 እስከ 9» ሲባል ከሰማ ከሥራ ወጥቶ ይመጣል፤ ቢሮው ደግሞ ያኔ መዘጋቱ ነው። ስለዚህ በአማርኛው «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብለን፣ በእንግሊዝኛው ደግሞ ለብቻው በአሜሪካ ሰዓት አስቀዳን። ሁለቱን ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር አላቀላቀልንም።

በዓላቱም እንዲሁ። ሲስተሙ የሚያውቀው የፈረንጁን ካላንደር ብቻ ነው። ገና ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ስለሚውል አያስቸግርም። እንቁጣጣሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ሆኖ በአራት ዓመት አንዴ 12 ላይ ይውላል፤ መስቀልም ከእሱ ጋር ከ27 ወደ 28 ይሄዳል። ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 እንደሆነው 20 የሚውልበትም ዓመት አለ። ፋሲካ በየዓመቱ ይዞራል። «በየዓመቱ ድገም» ብላችሁ ከሞላችሁት አንድ ቀን በበዓሉ ዋዜማ ወይም ማግሥት ቢሮው ዝግ ነው ይላል። ጸሐፊዋ በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ የዓመቱን በዓላት በእጅ ትሞላለች።

አሁን ስለ ዕቃው፣ በአጭሩ። ማዞሪያው፣ ማለትም ጥሪውን ተቀብሎ ወደየስልኩ የሚያደርሰው፣ አስቴሪስክ በሚባል ሶፍትዌር ላይ የሚሠራው ፍሪፒቢኤክስ ነው፤ አንድ ትንሽ ያገለገለ ኮምፒውተር ላይ ጭነነዋል። አስቴሪስክን ማርክ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው የጻፈው። ለትንሽ ኩባንያው የቢሮ ማዞሪያ መግዛት ዋጋው ስለከበደው ራሱ ሠራው፤ ከዚያም ለማንም በነጻ ለቀቀው። እንደኛ ላለ ገንዘቡ የምእመናን መባ ለሆነ ተቋም ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮምፒውተር መንከባከብ የሚችል ሰው ከሌላችሁ ግን ሁሉን ነገር በራሱ ሰርቨር የሚይዝ አቅራቢ ዘንድ ሂዱ። በየኤክስቴንሽኑ (በየውስጥ ስልክ ቁጥሩ) ወርኃዊ ክፍያ አለው፤ እንቅልፍ ግን ይሰጣል። እኛ ብዙ ኤክስቴንሽን፣ ጥቂት ጥሪ ስላለን በደቂቃ የሚከፈለው አዋጣን።

የጠረጴዛ ስልኮቹ መብራታቸውን በዚያው በኔትወርክ ኬብሉ ነው የሚያገኙት፤ ይህን የሚችል ስዊች (ኬብሎቹ የሚሰበሰቡበት ሳጥን) ያስፈልጋል። ወጥ ቤት ያለችው አሮጌ ስልክ አልተጣለችም። አዳፕተር የሚባል ትንሽ ሳጥን ላይ ተሰክታ እንደ ድሮዋ ትሠራለች። ፋክሱን ግን ተውነው። ፋክስ በኢንተርኔት ስልክ ላይ ሲሠራ ደህና ቀንም መጥፎ ቀንም አለው፤ አሁን ሰነዱ ስካን ተደርጎ በኢሜይል ይሄዳል። የእሳት ማንቂያውን መስመር ደግሞ አልነካነውም። እሱ የራሱ ሕግና የራሱ ተቆጣጣሪ አለው፤ በኔትወርክ ሰው ውሳኔ የሚነቀል ሽቦ አይደለም።

ስለ ኢንተርኔቱ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ፍጥነቱ ይበቃል ወይ?» ነው። አንድ ጥሪ ጂ.711 በተባለው በተለመደው የድምፅ አላላክ በእያንዳንዱ አቅጣጫ በሰከንድ 87 ኪሎቢት ያህል ብቻ ነው የሚወስደው። ኢምንት ነው። ችግሩ የሚመጣው ከመጠበብ ሳይሆን ከመጋፋት ነው። እሑድ ቅዳሴው በዩቲዩብ በቀጥታ ይተላለፋል። ያ ቪዲዮ ወደ ላይ የሚላከውን መስመር ይሞላዋል፤ የኬብል ኢንተርኔት ደግሞ ወደ ላይ የሚልከው ከሚያወርደው በጣም ያነሰ ነው። በዚያ ሰዓት የሚደውል ሰው ድምፁ እየተቆራረጠ ነበር የሚሰማው። ራውተሩ ላይ ለስልክ ድምፅ ቅድሚያ ሰጠን፣ የቪዲዮውንም መጠን ጣሪያ አበጀንለት። ከዚያ ወዲህ ሰንበትም እንደ አዘቦት ቀን ነው።

ሁለት ብልሽቶች ደግሞ በየቤቱ ይደርሳሉ፤ ምልክታቸውን ካወቃችሁ ጊዜ ታተርፋላችሁ። አንደኛው፣ አንተ ትሰማለህ እሱ አይሰማህም፤ ወይም ተቃራኒው። ሁለተኛው፣ ጥሪው ደህና ቆይቶ ሁልጊዜ 32ኛው ሰከንድ አካባቢ ይቆረጣል። ስልኩ «አንስቻለሁ» ብሎ ይልክና ማረጋገጫ ይጠብቃል። ማረጋገጫው መንገድ ላይ ከቀረ በደንቡ 32 ሰከንድ ጠብቆ ይዘጋል። ለሁለቱም መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ራውተሩን ይሁን። ብዙ ራውተሮች ውስጥ ኤስአይፒ ኤኤልጂ የሚባል ማብሪያ አለ። ለመርዳት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ግን የስልኩን መልእክት እየከፈተ አድራሻውን ስለሚቀይረው መልሱ ተመልሶ አይደርስም። አጥፉት። እኛ ዘንድም ያ ሲጠፋ ሁለቱም ጠፉ።

ስለ ሌቦች ደግሞ ልንገራችሁ። የስልክ ሰርቨር ፖርት 5060 በሚባለው በሩ በኩል ለኢንተርኔት ክፍት ሆኖ ከተቀመጠ ብዙም ሳይቆይ የማያውቁት ዓለም ያንኳኳል። መዝገቡን ከፍታችሁ ብታዩት መስመር በመስመር ነው፦ 100፣ 101፣ 102 እያለ ኤክስቴንሽን ይሞክራል፤ የይለፍ ቃሉንም ያንኑ ቁጥር አድርጎ ይሞክራል። የሚፈልገው ጸሎታችሁን መስማት አይደለም። በእናንተ መስመር ደቂቃው ውድ የሆነ የውጭ አገር ቁጥር ላይ ሌሊቱን ሙሉ መደወል ነው፤ ከዚያ ከሚገኘው ገንዘብ ድርሻ አለው። ቢሉ የሚመጣው ለእናንተ ነው። ረጅም የይለፍ ቃል፣ በሩ ለአቅራቢው አድራሻ ብቻ ክፍት፣ የውጭ አገር ጥሪ ዝግ። ሂሳቡ ቀድሞ የሚሞላ ይሁን፤ ሲያልቅ በራሱ ከካርድ እንዲሞላ አታድርጉት። ወደ አዲስ አበባ መደወል ለሚያስፈልግ ጉዳይ ካህናቱ ቫይበርና ዋትሳፕ አላቸው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሰጥቼ የሠራሁት የአሜሪካውን የድንገተኛ አደጋ ጥሪ ቁጥር፣ 911ን ነው። በመዳብ መስመር ስትደውሉ ሽቦው ራሱ የት እንዳላችሁ ይናገራል። የኢንተርኔት ስልክ ግን የሚናገረው እናንተ የሞላችሁትን አድራሻ ነው። ካልሞላችሁት ወይም የድሮውን ቤት ከሞላችሁ አምቡላንሱ ወደዚያ ይሄዳል። የካህናት ማረፊያው ከቤተ ክርስቲያኑ ሌላ መንገድ ላይ ነው፤ እዚያ ያለችው ስልክ የራሷ አድራሻ ተመዝግቦላታል። ምድር ቤት ያለው አዳራሽም «ምድር ቤት፣ በኋላ በር» ተብሎ ተለይቷል፤ ለተዝካር ብዙ አረጋውያን የሚሰበሰቡት እዚያ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የካሪ ሕግ የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2013 ቴክሳስ፣ ማርሻል ከተማ፣ ካሪ ሀንት የተባለች እናት ሆቴል ክፍል ውስጥ ጥቃት ደረሰባት። የ9 ዓመት ልጇ ከክፍሉ ስልክ 911 ደጋግማ ደወለች። ጥሪው አልወጣም። በዚያ ሆቴል ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9 መጫን ያስፈልግ ነበር፤ ልጅቷ ደግሞ የተማረችውን ነው የጫነችው። እናቷ ሞተች። የካሪ አባት ባደረጉት ትግል ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ከፌብሩዋሪ 16፣ 2020 ወዲህ የሚተከል የቢሮ ስልክ ምንም ሳያስቀድም 911 በቀጥታ ማስወጣት አለበት፤ ከሕንፃው 911 ሲደወልም ለአንድ ኃላፊ ማሳወቅ አለበት። እኛ ዘንድ ማሳወቂያው ለጸሐፊዋና ለሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ በጽሑፍ ይደርሳል። ይህን ታሪክ ለኮሚቴው ሳነብ ስለ ዋጋ የነበረው ክርክር ቆመ።

ለሙከራ 911 መደወል አያስፈልግም። ብዙ አቅራቢዎች 933 የሚባል ቁጥር አላቸው፤ ስትደውሉ የተመዘገበላችሁን አድራሻ መልሶ ያነብላችኋል። ከእያንዳንዱ ስልክ ደውላችሁ ስሙት፤ ከአዳፕተሩ ስልክ ጭምር። መብራት ሲጠፋም ስልኩ እንደሚጠፋ አትርሱ። ሞደሙን፣ ራውተሩን፣ ስዊቹንና ሰርቨሩን አንድ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ላይ ሰክተናቸዋል።

ቁጥሩን ማዛወር ቀላል ይመስላል። ለአበሻ ድርጅት ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ ጣጣውም የስም አጻጻፍ ነው። የድሮው ሂሳብ የተከፈተው ከብዙ ዓመት በፊት በነበሩ ሊቀ መንበር ስም ነው። የእሳቸው ስም በአንዱ ወረቀት በ«አይ»፣ በሌላው በ«ዋይ» ተጽፏል። የደብሩ ስም ላይ «ሴንት» አንድ ቦታ ሙሉ፣ ሌላ ቦታ በሁለት ፊደል አጥሮ ይገኛል። የማዛወሪያው ጥያቄ በአንዲት ፊደል ልዩነት ተመለሰ። እንዲህ እንዳይሆን ከድሮው ኩባንያ የደንበኛ መዝገባችሁን በጽሑፍ አስልኩ። ኮምፒውተራቸው ውስጥ ስሙ፣ አድራሻውና የሂሳብ ቁጥሩ እንዴት እንደተጻፈ ታዩታላችሁ፤ ስህተት ቢሆን እንኳ ፊደል በፊደል እሱን ቅዱ። ቁጥሩ ተዛውሮ በአዲሱ መስመር ሲጠራ በጆሯችሁ እስክትሰሙ ድረስም የድሮውን አገልግሎት አታቋርጡ። የተቋረጠ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ያ ቁጥር ደግሞ በሠላሳ ዓመት ካላንደር ላይ ሁሉ የታተመ ነው።

አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆች «እኛም ቢሮ እንትከለው ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። ሶፍትዌሩ አንድ ነው፤ ሕጉ ግን ሌላ ነው። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በእስራት የሚያስቀጣ አድርጎ ነበር የወጣው። ከዚያ ወዲህ ዘርፉ ተከፍቷል፤ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም በአዋጅ 1148/2011 ተቋቁሟል። አንድ ሽቦ ከመዘርጋታችሁ በፊት ባለሥልጣኑን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከውጭ አገር በሻንጣ የመጣ መሣሪያም አትሰኩ።

የሰበካ ጉባኤ አባላት ይቀየራሉ፤ እኔም ነገ ሌላ ስቴት ልሄድ እችላለሁ። ስለዚህ የሁሉም መሣሪያ የይለፍ ቃል፣ የአቅራቢው ሂሳብ፣ የስልኮቹ ዝርዝርና የሲስተሙ ቅጂ በአማርኛ ከተጻፈ መመሪያ ጋር ተሰናድቷል። አንዱ ከጸሐፊዋ ዘንድ፣ አንዱ በታሸገ ፖስታ ከሰብሳቢው ዘንድ አለ። የመመሪያው የመጀመሪያ ገጽ የ911 አድራሻ የሚስተካከልበትን ቦታ ያሳያል፤ ሁለተኛው ገጽ ደግሞ አዲስ ካህን ሲመደብ ሞባይሉ ከሌሊቱ ጥሪ ጋር እንዴት እንደሚጨመር።